በማሽላ መሀል የከረሙት ሮስተሮች

በትምህርት ቤታችን ሬከርድ ክፍል ያሉት የድሮ መዝገቦች ይሸታሉ። ሽታው የአቧራም የአይጥም አይደለም፤ ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ማሽላ ሽታ ነው፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ለለመደው ግን የማይከፋ። አዲስ የሚመደቡ መምህራን አፍንጫቸውን ይዘው ሲጠይቁኝ "የታሪክ ሽታ ነው፣ ትለምዱታላችሁ" እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ደረቴን ቀለል ይለኛል። አንድ ሰው በእኔ አፍ ምክንያት ሊጠፋ ነበር። ተመስገን፣ አልጠፋም።

ትምህርት ቤቱ በንጉሡ ዘመን የተሠራ ነው። ግድግዳው የአገሩ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚንቋቋ ጣውላ ነበር። በዙሪያው ካሉት ከተሞች፣ ከመሰላም ይሁን ከቦርደዴ፣ ስምንተኛን ያለፈ ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ወደ አሰበ ተፈሪ ይመጣና ቤት ተከራይቶ እኛ ዘንድ ይማር ነበር። ደወላችን ከባቡሩ መስመር የመጣ የሐዲድ ቁራጭ ነው። ከባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ በብረት ሲመታ ድምፁ ገበያ ድረስ ይሰማል። እናቴ የምሳ ሽሮዋን የምትጥደው በእሱ ድምፅ ነበር።

እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት በራሱ አይቆምም፤ ሰው ይዞት ነው የሚቆመው። የኛን ይዘው ያቆሙት ዘበኛው ነበሩ። በወረቀት ላይ "ጥበቃ" ይባሉ እንጂ ደዋዩም፣ አናጢውም፣ ቀለም ቀቢውም እሳቸው ናቸው። በክረምት ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ መሰላል ይዘው ጣሪያ ላይ ይወጡና የሚስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ይደፍናሉ። ጥቁር ሰሌዳው ሲነጣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፈልፍለው፣ ከሰሉን ወቅጠው፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሰው ይቀቡታል። ማንበብ አይችሉም ነበር። ከመሰላ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ኦሮሞ ገበሬ ናቸው። አማርኛን የለመዱት እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዲሬክተሩንም፣ አስተዳዳሪውንም፣ ትናንት የገባውን ተማሪም እኩል "አንተ" ይሉ ነበር። የሚቀየማቸው የለም፤ እንዲያውም "አንተ" ካላሉት ቅር የሚለው ሰው ይበዛ ነበር።

እኔ እዚያው ተምሬ፣ ማትሪክ ወድቄ፣ እዚያው ሬከርድ ክፍል የተቀጠርኩ ነኝ። ሥራዬ ሮስተር መያዝ ነበር። ሮስተር የየክፍሉ ተማሪ ስምና የዓመቱ ውጤት የሚሰፍርበት ትልቅ መዝገብ ነው። ያለ እሱ ትራንስክሪፕት የለም፤ ያለ ትራንስክሪፕት ደግሞ ማትሪክ መመዝገብ የለም፣ ሥራ መቀጠር የለም። የስንቱ የድሃ ልጅ አራት ዓመት እዚያ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። ስለዚህ መዝገቤን የነካብኝን ሰው አልምርም ነበር። መምህር ቢሆን፣ ዩኒት ሊደር ቢሆን፣ እጁን ሳይታጠብ ሮስተር አይገልጥም። እናቴ "ይቺ ልጅ አፏ ከእግሯ ይቀድማል" ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

በደርግ ዘመን ጦርነቱ በምሥራቅ በኩል ወደኛ ሲገፋ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ግቢው የጦር ማረፊያ ሆነ። እኔም እናቴን ይዤ ናዝሬት ዘመድ ቤት ሄድኩ። የሬከርድ ክፍሉን ቁልፍ ያስረከብኩት ለዲሬክተሩ ነው። እሳቸው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡ፣ ትዳራቸውን ግን ከሂርና ያገኙ፣ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። "አንቺ እናትሽን አድኚ፣ መዝገቡን ለእኔ ተይው" ብለው ሸኙኝ።

ጦርነቱ አልፎ ስንመለስ ትምህርት ቤቱን ማወቅ አቃተኝ። ከዴስኮቹ ግማሹ ማገዶ ሆኗል። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም። ሬከርድ ክፍል ስገባ መደርደሪያው ባዶውን ቆሟል፤ ታይፕራይተሩ የለም፤ አንዲት ወረቀት እንኳ ወለሉ ላይ አልወደቀችም። ዲሬክተሩም የሉም፤ በጦርነቱ መሀል በጠና ታመው ወደ ሐረር ተወስደዋል፣ ከዚያ ወደ አገራቸው ገብተዋል ተባለ። በቦታቸው አንድ ወጣት ዲሬክተር ተሹሟል። ሳይነቃነቁ የቆዩት ዘበኛው ብቻ ናቸው። ጣሪያው ላይ ቁጭ ብለው የጥይት ቀዳዳ በሬንጅ ሲደፍኑ አገኘኋቸው።

ስለ መዝገቡ ጠየቅኳቸው። ወደ ታች አዩኝና "ደህና ገባሽ?" አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኩ። እናቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ። ሦስተኛ ስጠይቃቸው ሬንጁ እንዳይደርቅ መቸኮል እንዳለባቸው ነገሩኝ።

ትምህርት በተጀመረ በወሩ የማትሪክ ምዝገባ ደብዳቤ መጣ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ቢሮዬ በር ላይ ተሰልፈው ትራንስክሪፕት ሲሉ እኔ "ነገ" እላለሁ፤ ነገም "ነገ" እላለሁ። በዚያው ሰሞን ገበያ ሄጄ ለውዝ ገዛሁ። ሻጯ ለውዙን የጠቀለለችበትን ወረቀት ዘርግቼ ሳይ የኛ ማኅተም አለበት! ለውዙን እዚያው መሬት ላይ አፍስሼ ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ። የፈተና ወረቀት መሆኑን፣ ሮስተር አለመሆኑን እንኳ አስተውዬ አላየሁም። ወታደር የጣለው ሊሆን ይችላል ብዬም አላሰብኩም። በቀጥታ ስብሰባ ላይ የነበሩት መምህራን መሀል ገባሁና ዘበኛው እንዲጠሩ አደረግኩ።

በሰው ሁሉ ፊት መዝገቦቹን ለለውዝ ነጋዴ ሸጠሃል አልኳቸው። አዎን፣ "ሸጠሃል" ነው ያልኩት። እሳቸው ለሁሉም ሰው በየዋህነት የሚሉትን "አንተ" እኔ ለስድብ አዋልኩት። አባቴ በሕይወት ቢኖር በእሳቸው ዕድሜ ነበር የሚሆነው።

ዘበኛው ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ እንደገና ገለበጡት፣ መለሱልኝ። አዲሱ ዲሬክተር ታዲያ መዝገቡ የት እንዳለ እንዲናገሩ አዘዛቸው።

"አደራ ነው" አሉ። "ያዘዘኝ ይምጣ፣ እናገራለሁ። ሌላ ሰው አላውቅም።"

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በዚያ ዘመን ደግሞ "የመንግሥት ንብረት" ከተባለ በኋላ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም። ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወደ ቀበሌ ወሰዷቸው። ሲሄዱ የደወሉን መምቻ ብረት ለተማሪ አልሰጡም፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ሰኞ ወደ በላይ አካል ይተላለፋሉ ተባለ። ወደ በላይ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ፣ ጨርሶ መመለሱንም፣ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም ነበር።

በነጋታው፣ ዓርብ፣ ደወሉን የመታሁት እኔ ነኝ። ድምፁ አልወጣልኝም። የት ላይ እንደሚመታ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቅዳሜ ማለዳ የዘበኛው ባለቤት ቤታችን ድረስ መጡ። ከእናቴ ጋር በገበያ ይተዋወቃሉ። ኦሮምኛውን ከአማርኛው እየቀላቀሉ፣ ሳይቀመጡ፣ የመጡበትን ነገሩኝ። ጫት ነጋዴዎች ያን የድሮ ዲሬክተር ሂርና አይተዋቸዋል። አገራቸው አልገቡም፤ ከሐረር ሐኪም ቤት ወጥተው በሚስታቸው ቤተሰቦች ቤት ተኝተዋል። ባላቸው ይህን አያውቁም፤ ቀበሌ ሰው አያስገባም። ያን አደራ ያሰረውም፣ የሚፈታውም ያ ሰው ነው።

"ያንቺ አፍ አሰረው" አሉኝ። "ያንቺ እግር ያስፈታው።"

እናቴ ነጠላዬን አቀበለችኝ። አንዳንድ ጊዜ ያን ያህል አጭር ንግግር ይበቃል።

በሂርና አድርጎ ወደ ድሬዳዋ በሚወርድ የጫት መኪና ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ጫቱ ሳይጠወልግ ለመድረስ ይበራል፤ እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሾፌር ይበልጥ ባበረረ ብዬ ተመኘሁ። በመንገድ ላይ ግራ የገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ምን ዓይነት አደራ ቢሆን ነው ለዘበኛው ከእስር የሚብስባቸው? ገና አልገባኝም ነበር።

ዲሬክተሩን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ከስተው ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። የመጣሁበትን ነገር አንድ በአንድ ተናገርኩ። የተጠቀለለውን ለውዝ፣ ስብሰባውን፣ ቀበሌውን።

"መዝገቡን እስካሁን አላወጡትም?" አሉ ዲሬክተሩ።

ከዚያ እሳቸው ነገሩኝ። ጦሩ ግቢውን ከመያዙ በፊት ባለው ሌሊትና ቀን መዝገቦቹን የት እንደሚያደርሱ ጨንቋቸው ነበር። መላ ያመጡት ዘበኛው ነበሩ። በዚያ አገር ገበሬው ማሽላውን የሚያስቀምጠው መሬት ውስጥ፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ በሆነ ጉድጓድ ነው፤ ቦላ ይሉታል። አፉ በጭድና በአፈር ተደፍኖ ከመሬቱ ጋር እኩል ስለሚሆን እንግዳ ሰው ላዩ ላይ ቢቆምም አያውቀውም። ጥግ ጥጉ ያለው ማሽላ ይበላሻል፤ መሀሉ ግን ዓመታት ይቆያል። ዘበኛው የራሳቸውን አዲስ ምርት ሲያስገቡ መዝገቦቹን በቁርበት ጠቅልለው መሀሉ ላይ ቀበሯቸው።

በዘበኛው ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ጉድጓድ ሲደፈን ምስክር ይቆማል፤ ያ ምስክር ሳይኖር አይከፈትም። ማን ምን ያህል አወጣ የሚል ክርክር ወንድማማች እንዳያጣላ የኖረ ሥርዓት ነው። መዝገቦቹ ሲቀበሩ ምስክር ሆነው የቆሙት ዲሬክተሩ ናቸው።

"እኔ ራሴ እስክመጣ እንዳትከፍቱት አልኳቸው" አሉኝ። "ለጥንቃቄ ያህል ነው ያልኩት። አገር ሲረጋጋ አውጥተው ይሰጧችኋል ብዬ ነበር። ለማን እንደተናገርኩ ረሳሁ፤ ለእሳቸው ቃል ቃል ነው።"

ሚስታቸው በፍጹም አይንቀሳቀሱም ብለው ነበር። ዲሬክተሩ ግን እሑድ ጠዋት ብርድ ልብስ ተከናንበው በመኪናው ጋቢና ውስጥ ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። አሰበ ተፈሪ እስክንገባ ሳላቸው በያዛቸው ቁጥር እኔ "እስከዚህ ያደረስከኝ አምላክ፣ እስከ ጉድጓዱ ብቻ አድርስልኝ" እላለሁ። አሁን ሳስበው ጭካኔ ነው፤ ከጉድጓዱ በኋላስ?

የቀበሌው ሊቀ መንበር በመጀመሪያ አላመነንም። ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ሮስተር ሲባል ሳቀ። ሆኖም ዲሬክተሩ እሱንም አስተምረውት ነበርና ፊታቸው ላይ "አይሆንም" ማለት አቃተው። ዘበኛውን በሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስጠብቆ ለቀቀልን። ዘበኛው ከታሰሩበት ክፍል ሲወጡ ፀሐዩ ዓይናቸውን ያዘው። ከዚያ ዲሬክተሩን አዩ።

"መጣህ" አሏቸው። "ዘገየህ።"

መንደሩ ስንደርስ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር። ዘበኛው ከበረቱ አጠገብ አንድ ቦታ ላይ ቆመው በእግራቸው ምልክት አደረጉ። ከደረስን ወዲህ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ያለፍኩበት ቦታ ነው። አፈሩ ተነሣ፣ ድንጋዩ ተነሣ፣ ጭዱ ተነሣ፤ ጥቁር ጠባብ አፍ ታየ። ዘልዬ ልገባ ስል ዘበኛው በክንዳቸው ከለከሉኝ። የተያያዘ ጭድ በገመድ አስረው ወደ ታች ለቀቁ። ከጉድጓዱ አንገት ሳያልፍ ድርግም አለ። የታፈነው አየር ሳይወጣ የገባ ሰው እንደ ጭዱ ነው የሚሆነው።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንደኛው ስለ ሰዓቱ ያጉረመርማል። ዲሬክተሩ ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ያስላሉ። እኔ ውስጤ አንድ ክፉ ሐሳብ ይመላለሳል፤ በስብሶ ቢሆንስ? መዝገቡ ባይገኝ እኚህ ሰው ወደ ቀበሌ ይመለሳሉ፣ ነገም ሰኞ ነው። ዘበኛው ግን ዛፍ ጥላ ሥር ሰገዱ፤ ሲጨርሱ እንደገና ጭድ አያያዙ። ያሁኑ እሳት ታች ድረስ ወረደና ሳይጠፋ ቆየ።

ወገባቸውን በገመድ አስረው ወረዱ። መጀመሪያ የወጣው ጥግ ጥጉን የነበረው የጠቆረ ማሽላ ነው። ሽታው ዓይኔን አስነባኝ፤ ቢያንስ በሽታው ነው ብዬ አሳብቤያለሁ። ቀጥሎ ነጩ ማሽላ ወጣ። ቀጥሎ ቁርበት።

የመጀመሪያውን ጥቅል ፈታሁት። የራሴ ክፍል ሮስተር ነበር። ቀለሙ አልፈሰሰም፣ ገጹ አልተጣበቀም። የሒሳብ ውጤቴም እንዳለ ነው፤ ጉድጓዱ ምንም አላሻሻለውም። መሬት ላይ ተቀምጬ ስስቅ አብዮት ጠባቂዎቹ አእምሮዋ ተነካ ብለው ተያዩ።

ጥቅል ከጥቅል እየተፈታ ሄደ። ዘበኛው ማንበብ ስለማይችሉ የትኛው እንደሚጠቅም ለይተው አላወቁም፤ ወረቀት ሆኖ የተሰፋውን ሁሉ አምጥተዋል። ሮስተሮቹ ሁሉ አሉ። ደግሞ የቀሪ ተማሪዎች መዝገብ፣ የክበባት ዝርዝር፣ የእንግዶች ፊርማ መዝገብ፣ አንድ ያረጀ የግድግዳ ካላንደርም አለ። አዲሱን ታይፕራይተር ትተው ካላንደር ቀበሩ! ዲሬክተሩ ካላንደሩን ሲያዩ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የዘበኛው ባለቤት ግን ወረቀቱን አላዩም። ነጩን ማሽላ በእፍኛቸው ዘግነው፣ አሽትተው፣ በሰፌድ ላይ ያፈሱ ነበር። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈታ አይቼ አላውቅም።

"ዘንድሮ እንኳን ከገበያ መግዛት ቀረልን" አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጉድጓዱ ያለ ምስክር አይከፈትም። መዝገቦቹ የተኙት የዓመት ቀለባቸው መሀል ነበር። እኔ በስብሰባ መሀል ሌባ ስላቸው፣ እኚህ ሰዎች የራሳቸው ማሽላ እግራቸው ሥር ተደፍኖ፣ ከገበያ በጣሳ እየሸመቱ ይበሉ ነበር። ሸጠሃል ያልኩት ይህን ሰው ነው።

ከጉድጓዱ እንደወጡ፣ ጭድ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ፣ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። በሰው ፊት ያዋረድኳቸውን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ። ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

"አንቺ የጮኽሽው ለመዝገቡ ነው" አሉ። "ለመዝገብ የሚጮኽ ሰው እንዳለ አወቅሁ። ቀበሌ ውስጥ ደህና ተኛሁ፣ ወላሂ።"

እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ምሕረት ሰምቼ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ደወሉን የመቱት እሳቸው ነበሩ፤ ድምፁ ገበያ ድረስ ደረሰ። ደብዳቤው ከወሰነው ቀን በፊት ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ሁሉ ትራንስክሪፕት ሠርቼ ጨረስኩ፤ እያንዳንዱ ወረቀት ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ዲሬክተሩ ከሳላቸው ድነው ሂርና ብዙ ዓመት አስተማሩ። እኔም ሰው ከመክሰሴ በፊት እጄ የገባውን ወረቀት ሁለት ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለውዙን መልሼ እንኳ አልለቀምኩም።

ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ቢሮ ሁሉ ሲሰበርና ሲዘረፍ፣ አዲሶቹ የሬከርድ ክፍል ሠራተኞች መዝገቡን ወዴት እናድርገው ብለው ተራወጡ። እኔ አልተራወጥኩም። ዘበኛው ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ሆነዋል። መንደራቸው ሄጄ አንኳኳሁ። ምን እንደፈለግኩ ሳልነግራቸው ተነሥተው ገመድ ያዙ።

ሮስተሮቹ ማሽላው መሀል ገቡ። ካላንደር አልገባም፤ እኔ ለይቻለሁ። አፉ ሲደፈን ምስክር ሆኜ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሥርዓቱን ስለማውቅ እሳቸው ሳይኖሩ እንደማልከፍተው ልምል አፌን ስከፍት በምርኩዛቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ።

"እኔ ሽማግሌ ነኝ" አሉኝ። "ባልኖር ክፈቺው። እንደኔ እንዳትጠብቂ። የቤቱ ልጆች ይራባሉ።"

ከተማው ሲረጋጋ ጉድጓዱን ከፈትነው። እሳቸውም ነበሩ፣ ባለቤታቸውም ነበሩ። የተያያዘውን ጭድ ወደ ታች የለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ እሳቱም ታች ድረስ ሳይጠፋ ወረደ።